ቅርሳችንን ከእሳትና ከጎርፍ ለማዳን አስቀድመን እንዘጋጅ



«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል የአገራችን ሰው። ነገር ካለፈ በኋላ መጮህ ጥቅም የለውም ማለት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። እሳት ሲነሣ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ መብረቅ ሲወድቅ የአባቶቻችን ቅርስ እንዴት ይድናል?

መልሱን ከመጀመሪያው እንናገረው። ቅርስ የሚድነው እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ነው። ማን ምን እንደሚያወጣ፣ ወዴት እንደሚወስደው፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ቀደም ብሎ ተነጋግሮ የጻፈ ሰፈር ብዙ ነገር ያድናል። ያልተነጋገረ ሰፈር ግን በአንድ በር ይጋፋል። ከበሮውን አውጥቶ ወንጌሉን ያስቀራል።

ቅርስ ስንል ምን ማለታችን ነው? የቆየ ቤተ ክርስቲያን ቅርስ ነው። የቆየ መስጊድ ቅርስ ነው። የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ሥዕል፣ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን፣ የጥንት ግንብ፣ ይህ ሁሉ ቅርስ ነው። ገንዘብ ቢጠፋ ተሠርቶ ይተካል። ከ500 ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና ከተቃጠለ ግን ማንም አይተካውም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር?

ጎንደር ከተማ ውስጥ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ጣሪያዋ በመላእክት ፊት ሥዕል የተሞላ ነው። በመጀመሪያ ያሠሯት አፄ ኢያሱ ናቸው። ያች የመጀመሪያዋ ሕንፃ ግን በ1700 ዓ.ም. ገደማ በመብረቅ ተቃጠለች። ዛሬ የምናያት ከዚያ በኋላ የተሠራችው ናት።

በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ጎንደርን ወረሩ። አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች። የአገሩ ሰው ሲያወራ፣ የንብ መንጋ ተነሥቶ ወራሪውን ከበሩ መለሰው ይላል።

ሁልጊዜ ግን ንብ አይመጣም። አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ አስቀድመው ያስቡ ነበር። በጦርነት ዘመን መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ወደ ጣና ሐይቅና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ያሸሹ እንደነበር ይነገራል። ደብረ ዳሞን የሠሩት በገመድ ካልሆነ በማይወጣበት አምባ ላይ ነው።

የብራናውን መጽሐፍ ማኅደርም እንመልከት። ማኅደር ማለት መጽሐፉ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ነው። ማንገቻ አለው። በግድግዳ ችንካር ላይ ይንጠለጠላል። ከመሬት ስለሚርቅ እርጥበትና ምስጥ አያገኘውም። መሸሽ ሲመጣ ደግሞ በትከሻ አንግቶ መሮጥ ነው። እንግዲህ የአደጋ ዝግጅት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶች የጀመሩትን ማጠናከር ብቻ ነው የሚቀረን።

አሁን ደግሞ በሌላ አገር የደረሰውን እንይ። ከሦስት አገሮች ሦስት ትምህርት እናገኛለን።

አንደኛው ትምህርት፦ ቅርሱ የት ተቀመጠ?

ፍሎረንስ የኢጣሊያ ከተማ ናት። በመካከሏ አርኖ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ጥቅምት 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቀ። ቀኑ የበዓል ቀን ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሰው ተኝቷል። ድልድዩ ላይ ሱቅ ያላቸውን ወርቅ ሠሪዎች ዘበኞቻቸው በሌሊት በስልክ ቀሰቀሷቸው። ወርቃቸውን ይዘው ወጡ። ለቀረው ሕዝብ ግን በጊዜው የነገረው አልነበረም። ብዙ ሰው ሞተ።

በከተማዋ ትልቅ የመጻሕፍት ቤት ነበረ። የሚገኘው ከወንዙ ዳር ነው። ብዙ ውድ መጻሕፍት የተቀመጡት ከምድር በታች ባለው ክፍልና በታችኛው ፎቅ ነበር። ጎርፉ ጭቃና የማሞቂያ ዘይት ይዞ ገባ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ጽሑፎች ተጎዱ። ሳንታ ክሮቼ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቺማቡዌ የተባለ ሠዓሊ ከ700 ዓመት ገደማ በፊት የሣለው ትልቅ የስቅለት ሥዕል ነበረ። ውሃው ቀለሙን አጥቦ ከግማሽ በላይ ወሰደው። ያ የጠፋው ቀለም ዛሬም አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ከኢጣሊያና ከሌላ አገር ወጣቶች መጡ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ማንም አላስገደዳቸውም። ከምድር በታች ካለው ክፍል ጀምረው ተሰልፈው ቆሙ። ጭቃ የጠጣውን መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አወጡት። የከተማው ሰው «የጭቃ መላእክት» ብሎ ጠራቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የእኛ ተረት በፍሎረንስ ታየ።

እኛም ተማሪዎች ስለሆንን የእነዚያን ወጣቶች ሥራ እናደንቃለን። ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። መጻሕፍቱ ከመጀመሪያው በላይኛው ፎቅ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ያስፈልግ ነበር? ጎርፍ በደረሰበት አዳራሽ የነበረ አንድ ትልቅ ሥዕል ተጠግኖ ወደ ቦታው የተመለሰው በ2009 ዓ.ም. ነው። 50 ዓመት ፈጀ። ዕቃውን ወደ ላይኛው ፎቅ ለማውጣት ግን ጥቂት ቀን ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት፦ ማን ያውቃል? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

ፓሪስ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ናት። በዚያ ኖትር ዳም የምትባል ከ800 ዓመት በላይ የሆናት ካቴድራል አለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ማታ ላይ ጣሪያዋ በእሳት ተያያዘ።

የሚያስገርመው ይህ ነው። ካቴድራሏ እሳት ሲነሣ የሚጮህ መሣሪያ ነበራት። መሣሪያውም ጮኸ። ነገር ግን የመጣው መልእክት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አልታወቀም። ጠባቂው የተላከው ወደ ሌላ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ነው። እዚያ እሳት የለም። ትክክለኛው ቦታ እስኪታወቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ባከነ። በዚያ ግማሽ ሰዓት የእንጨቱ ጣሪያ ተያያዘ።

ቢሆንም የፓሪስ እሳት አጥፊዎች አስቀድመው ያወቁት ነገር ነበረ። መጀመሪያ ሰው ይወጣል። ቀጥሎ ከሁሉ የከበረው ዕቃ ይወጣል። ቀጥሎ ሕንፃው ይጠበቃል። በዚህ ቅደም ተከተል ሠሩ። የክርስቶስ የእሾህ አክሊል ነው ተብሎ የሚከበረውን ቅርስ ለማውጣት ሮጡ። ግን በካዝና ተቆልፎ ነበር። ካዝናውን መክፈት የሚችለው ሰው ከሩቅ ቦታ እስኪደርስ ተጠበቀ። በመጨረሻ ተከፈተ፤ ቅርሱም ዳነ። ሌላውንም ዕቃ ሰዎች ተሰልፈው እየተቀባበሉ አወጡ።

ጣሪያው ወደቀ። ግንቡና ማማዎቹ ግን ተረፉ። በእሳቱ የሞተ ሰው አልነበረም። ካቴድራሏም ታድሳ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ተከፈተች።

ከዚህ ምን እንማራለን? መሣሪያ ብቻውን አያድንም። ሰው ማወቅ አለበት። ቁልፍም በአንድ ሰው እጅ ብቻ መቅረት የለበትም። ያ ሰው ቢታመም፣ ገበያ ቢሄድ፣ ለቅሶ ቢሄድ ምን ይደረጋል?

ሦስተኛው ትምህርት፦ ልምምድ

ጃፓን አገር ሆርዩጂ የሚባል የጥንት ቤተ መቅደስ አለ። በዓለም ላይ ካሉት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ እጅግ ከቆዩት አንዱ ነው። ጥር 18 ቀን 1941 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ የግድግዳውን ሥዕሎች አበላሸ። ሕዝቡ በጣም አዘነ። ግን በማዘን ብቻ አልቆመም። በማግሥቱ ዓመት ቅርስ የሚጠበቅበት ሕግ ወጣ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ያ ቀን በየዓመቱ የልምምድ ቀን ሆነ። በየቤተ መቅደሱ ሰው ይሰበሰባል። እሳት የተነሣ ይመስል ውሃ ይረጫል፣ ዕቃ ያወጣል።

ሌላም ነገር አለ። ከእሳቱ ከ14 ዓመት በፊት የግድግዳው ሥዕሎች በጥሩ ፎቶግራፍ ተነሥተው ነበር። ኋላ ሠዓሊዎች ያንን ፎቶግራፍ እያዩ ምስሉን እንደገና ሣሉት። ዋናው ባይመለስም መልኩ አልጠፋም።

በዚያው በጃፓን ሺራካዋ የሚባል የተራራ መንደር አለ። ቤቶቹ እንደ ብዙዎቹ የእኛ ገጠር ቤቶች ሣር ክዳን ናቸው። አንዱ ከተያያዘ መንደሩ ሁሉ ያልቃል። ስለዚህ በየቦታው የውሃ መርጫ ተተክሏል። በየዓመቱ በመኸር ጊዜ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፍተው ይሞክሩታል። ነዋሪዎቹም ተራ ገብተው «እሳት ተጠንቀቁ» እያሉ መንደሩን ይዞራሉ። ይህን የሚያደርጉት ገበሬዎችና ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

የውሃ መርጫ የለንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? የለም። ያለ ብዙ ገንዘብ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። አንድ በአንድ እንቁጠረው።

1. ሰው ይቅደም። ማንም ሰው ለዕቃ ብሎ በሚነድድ ቤት ውስጥ አይግባ። ጭስ ከእሳቱ ቀድሞ ይገድላል። ጣሪያው ከተያያዘ በኋላ መግባት የለም።

2. የእሳቱን መነሻ እንቀንስ። ጧፍና ሻማ ሲነድድ ጠባቂ ይኑረው። የጥናው ፍም በብረት ወይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ ይጥፋ። ከሕንፃው ጥግ ላይ ደረቅ ሣርና የማገዶ እንጨት አይከመር። በበጋ ወራት በግቢው ዙሪያ ያለው ደረቅ ሣር ይጨድ። አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ በባለሙያ ይታይ። ለመብረቅም መከላከያ እንዲተከል ባለሙያ ይጠየቅ።

3. ውሃ እናዘጋጅ። ነሐሴ 27 ቀን 2010 ዓ.ም. በብራዚል አገር ትልቁ ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል በአቅራቢያው ከነበሩት የውሃ መስመሮች በቂ ውሃ አልተገኘም። ከሐይቅ በመኪና ማመላለስ ግድ ሆነ። ከ20 ሚሊዮን ያህል ዕቃ አብዛኛው አመድ ሆነ። ስለዚህ በግቢው ውስጥ በርሜል ወይም ገንዳ ይቀመጥ። ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን። ባልዲና መሰላል፣ አካፋና አሸዋ አጠገቡ ይኑር። የበርሜሉ ውሃ ለሌላ ሥራ አይቀዳ።

4. ዕቃውን በቦታው እናስቀምጥ። ብራናው ከመሬት ይራቅ። ጣሪያው ከሚያፈስበት ጥግ ይራቅ። ማኅደሩና ማንገቻው ያልተቀደደ ይሁን። ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ ደግሞ የመውረጃው ቦይ ክረምት ሳይገባ ይጠረግ።

5. ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። ሁለቱም የሚታመኑና በቅርብ የሚኖሩ ይሁኑ።

6. ማን ምን እንደሚያወጣ ይወሰን። በቤተ ክርስቲያን መቅደስ ውስጥ ካህናት እንጂ ሌላው አይገባም። ታቦቱን ምእመን አይነካም። ስለዚህ በሌሊት እሳት ቢነሣ የትኞቹ ካህናት ፈጥነው እንደሚደርሱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሌላው ሰው ውጭ ሆኖ ይቀበል፣ ውሃ ያመላልስ፣ የወጣውን ዕቃ ይጠብቅ። በመስጊድም እንዲሁ የሚያወጣው ሰው በስም ይታወቅ።

7. የጥሪው ምልክት ይታወቅ። የደወሉ አመታት ወይም የዕድሩ ጡሩምባ ለእሳት ለብቻው ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰው በሚሰበሰብበት ቀን፣ ልምምድ ይደረግ።

ከአደጋው በኋላ

ብዙ ቅርስ ከአደጋ ድኖ በማግሥቱ ይበላሻል። ለምን? ሰው በችኮላ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ወይም እሳት ዳር ያስቀምጠዋል። ብራና ቆዳ ነው። ርጥብ ቆዳ ቶሎ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ሁላችን እናውቃለን። የራሰ ብራና ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። የተጣበቀውን ቅጠል በኃይል አንለያየው። ጽሑፉን በጨርቅ አንሸው።

የግድግዳ ሥዕልም እንዲሁ ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የተሣለው በጨርቅ ላይ ሆኖ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ተነሥቶ አይወጣም። ቀለሙም ውሃ ይፈራል። ስለዚህ ውሃ ስንረጭ ወደ እሳቱ እንጂ ወደ ሥዕሉ አይሁን። ጥላሸት ቢይዘው በውሃና በሳሙና አንጠበው። ባለሙያ እስኪመጣ ሳይነካ ይቆይ። ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቶሎ ይነገር።

«መዝገብ ብንይዝ ሌባ ያውቅብናል»

ይህን የሚሉ አባቶች አሉ። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ብዙ መስቀልና ብዙ ብራና ተሰርቋል። ዕቃው የት እንዳለ የሚናገር ወረቀት በሌባ እጅ ከገባ መንገድ ይመራዋል። ስለዚህ መዝገቡ በግድግዳ ላይ አይለጠፍ። በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ በኃላፊው እጅ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ በሌላ የታመነ ቦታ ይቀመጥ። በአንድ ቦታ ቢቀመጥማ ከዕቃው ጋር አብሮ ይቃጠላል።

ነገር ግን ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ምን ብለን እንከሳለን? የእኛ መሆኑን በምን እናስረዳለን? አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ወደ ውጭ አገር ወጣ። መልኩ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ስለነበረ ሊሸሸግ አልቻለም። በ1993 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ማንም መልኩን የማያውቀው መስቀል ቢሆን ኖሮ ይገኝ ነበር? እንደዚሁም ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም፣ ማለትም በትንንሽ ፎቶግራፍ፣ ተነሥተዋል። ብራናው ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ አለ። ዛሬ ደግሞ ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል። ኃላፊዎቹ ከፈቀዱ አንድ ቀን ይበቃል።

መዝገቡን ማን ይጽፈዋል?

እናንተ ትጽፉታላችሁ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ ሁሉን የሚያውቁ ሽማግሌ ይኖራሉ። የትኛው መጽሐፍ የቱ እንደሆነ፣ መስቀሉን ማን እንደሰጠ፣ ሁሉን በልባቸው ይዘዋል። እሳቸው ሲያልፉ ግን እውቀቱ አብሮ ያልፋል። እሳት በሌሊት ሲነሣም ሁሉን ነገር አንድ ሰው አያስታውስም። የተጻፈ ነገር ግን አይደነግጥም።

አጻጻፉ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት ነገር ይጻፋል። እንዲህ፦

ዕቃው፦ የብራና ወንጌል።
ያለበት፦ ዕቃ ቤት፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ሁለተኛው ችንካር ላይ።
የሚያወጣው፦ ገበዙ። እሳቸው ከሌሉ ተረኛው ቄስ።
የሚወሰድበት፦ ከግቢው ውጭ፣ የተመረጠው ቤት። ጠባቂ ሁለት ሰው።

ቁጥር 1 የሚሆነው ከሁሉ በፊት መውጣት ያለበት ነው። ይህን መምረጥ ከባድ ነው። ሁሉም የከበረ ነው ይባላል። ግን እሳት ጊዜ አይሰጥም። አሥር ደቂቃ ብቻ ቢኖረን የቱን እናወጣለን? ይህን ዛሬ በእርጋታ ተቀምጠን ካልተነጋገርን፣ ያን ቀን እሳቱ ይመርጥልናል።

የዚህ ሳምንት መልመጃ

1. በአካባቢያችሁ ያሉትን የቆዩ ቅርሶች ለሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ስለ አንዱ ቅርስ ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት መስመር ጻፉ።

2. ለአካባቢያችሁ ቅርስ ከእሳት፣ ከጎርፍና ከመብረቅ የቱ የበለጠ ያሰጋዋል? ለምን?

3. በአካባቢያችሁ እሳት ሲነሣ ሕዝቡ የሚጠራው በምን ምልክት ነው? ምልክቱ ከሌለ፣ በሚመጣው የዕድር ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንሡ።